የዳማ ጠያቂዎች

ለቡ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ግንባታቸው ባላለቀ ፎቆችና በቆርቆሮ አጥሮች መካከል ባለጋሪዎች የሚኖሩበት መንደር አለ። በዚያ መንደር ፈረስ ሲታመም እንደ ሰው ይጠየቃል። ጠያቂውም ባዶ እጁን አይመጣም። ለታመመ ሰው ብርቱካንና ሙዝ እንደሚያዝ ሁሉ ለታመመ ፈረስ ጠርሙስ ይያዛል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው እንደየቤቱ ነው፤ ከአንዱ ቤት የኑግ ዘይት፣ ከሌላው በጨው የተበጠበጠ ውሃ፣ ከሌላው ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ተደቁሶ የገባበት አረቄ ይመጣል። ፈረሱ አንገቱ ቀና ተደርጎ ይያዝና በአፉ ጥግ ይጋታል። የመጣለትን ጠርሙስ አይጋትብኝ ያለ ባለፈረስ ወዳጁን ከደጁ እንደመለሰ ይቆጠራል።

ናዝሬት ይህን ወግ አታውቅም ነበር። ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ተምራ፣ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ካለ አንድ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ከተቀጠረች ብዙም አልቆየች። የሚገጥማት ሥራ በአብዛኛው የውሻ ክትባትና የዶሮ በሽታ ነው። ዝምተኛ ናት። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ለማለት ድምፅዋ አልወጣ እያለ ከመውረጃዋ አልፋ በእግሯ የተመለሰችበት ቀን ጥቂት አይደለም።

የዚያን ዕለት ጠዋት የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ዶክተር ኤልያቄም ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቷል። ናዝሬት ብቻዋን መደርደሪያ ስታስተካክል አንድ ላብ ያጠመቀው ሰው በሩ ላይ ቆመ። ማኑሄ ይባላል፤ ከሆሳዕና መጥቶ ለቡ ውስጥ በጋሪ አሸዋና ብሎኬት እያመላለሰ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ነው።

«ዶክተሩ አለ?»

«የለም። እኔም... ሐኪም ነኝ።»

ማኑሄ ከእግር እስከ ራሷ አያት። ባሰበው ዓይነት ሐኪም እንዳልሆነች ፊቱ ላይ ይነበባል፤ ግን ሌላ መሄጃ አልነበረውም።

«ፈረሴን ሆዱን ቆርጦታል። ሲንከባለል ነው ያደረው። ዳማ ከሞተ እኔም ቤቴን ዘግቼ አገሬ መግባት ነው።»

ናዝሬት ከጓዳው ጥግ ረጅሙን የላስቲክ ቱቦ አነሳች። ከተማሪነቷ ጀምሮ ያስቀመጠችው ነው፤ ሥራ ከያዘች ወዲህ አንድም ቀን አልነካችውም። ማዳመጫዋንና መርፌዎቿን በቦርሳ ከታ ተከተለችው።

ግቢው ሲደርሱ ሰው ሞልቷል። ዳማ የሚባለው ፈረስ መሐል ላይ ቆሟል፤ ደረቱ በላብ ረጥቦ፣ አንገቱን እያዞረ ጎኑን ያያል፣ በኋላ እግሩ ሆዱን ይመታል፣ ተመልሶ መሬቱን ይጭራል። አንድ ረጅም ጎረምሳ ገመዱን ጨብጦ አንገቱን ወደ ላይ ይስባል፤ ኮርሳ ነው፣ የማኑሄ የጋሪ ባልደረባ። አጠገቡ አንድ ሽማግሌ ጠርሙስ ይዘው ቆመዋል። ገብረ መድኅን ይባላሉ። በመንደሩ የመጀመሪያው ባለጋሪ እሳቸው ናቸው፤ የባለጋሪዎች እድር ዳኛም እሳቸው ናቸው። ማኑሄ ከአገሩ ሲመጣ ዋስ ሆነው የመጀመሪያዋን ጋሪ ያስያዙትም እሳቸው። እግራቸው ሥር ተራ የሚጠብቁ ጠርሙሶች ተደርድረዋል።

«አይጋት» አለች ናዝሬት።

ማንም አልሰማትም። ገብረ መድኅን የጠርሙሱን ክዳን ከፈቱ።

ናዝሬት ቦርሳዋን መሬት ላይ አኖረችና ሄዳ በሽማግሌውና በፈረሱ አፍ መካከል ቆመች። ጠርሙሱ ደረቷን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ልጄ፣ ዞር በይ፤ እንዳይረግጥሽ።»

«አይጋት፣ ጋሼ።»

«ምን አለች?»

«አይጋት ነው የምትለው» አለ ኮርሳ። «ድምፅዋን እቤት ረስታው መጥታለች መሰለኝ።»

ሰዎቹ ሳቁ። ናዝሬት ፊቷ ቀላ፤ ከቆመችበት ግን አልተነቃነቀችም። ገብረ መድኅን ጠርሙሱን ዝቅ አደረጉ፤ ቅር ብሏቸዋል። «እንግዲህ ሐኪም ካለች ትሞክር» አሉ። «ስትጨርስ እኛ አለን።»

ናዝሬት ከንፈሩን ገልባ ድዱን አየች፤ ጠቁሮ ቀልቷል። የልቡ ምት ሩጫ ነው። ማዳመጫዋን በሆዱ ግራና ቀኝ አዟዟረች፤ ሲጉረመረም መዋል የነበረበት ሆድ ጸጥ ብሏል። ቴርሞሜትሩን ስታየው ትኩሳት አለው። እዚያ ላይ ትንሽ ቆም አለች። ተራ ቁርጠት ያን ያህል አያተኩስም።

«ቱቦውን በአፍንጫው ላስገባው ነው» አለች ለማኑሄ። «ፈረስ አያስታውክም። አፈጣጠሩ ነው፤ ጨጓራው ቢሞላም ወደ ላይ መመለሻ መንገድ የለውም። ከሞላ ይፈነዳል እንጂ አይወጣለትም።»

«አያስታውክም?» አለ ማኑሄ። ዕድሜውን ሙሉ ከፈረስ ጋር ኖሯል፤ ሲያስታውክ አይቶ እንደማያውቅ ገና አሁን ማሰቡ ነበር።

ቱቦውን ዘይት ቀብታ በአፍንጫው ቀዳዳ ቀስ አድርጋ ሰደደችው። ዳማ ራሱን ወረወረ፤ ኮርሳ ቀልዱን ትቶ በሁለት እጁ ያዘለት። ጉሮሮው ላይ ስትደርስ ፈረሱ እስኪውጥ ጠበቀች። ሲውጥ ገፋችው። ሌላኛውን ጫፍ ወደ ባልዲው ዝቅ እንዳደረገችው ውሃው መጣ፤ ቀይ ቡናማ፣ የሚከረፋ፣ እንደተከፈተ ቧንቧ ያለማቋረጥ የሚፈስ። አንዱ ባልዲ ሞላና ሌላ ቀረበ። እሱም ሞላ። ሰዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ኋላ አሉ።

«ይሄ ሁሉ የት ነበር?» አለ ኮርሳ።

መፍሰሱ ሲያበቃ ዳማ መሬት መጫሩን ተወ። ሆዱን መምታቱንም ተወ። ራሱን አቀርቅሮ፣ ጆሮውን ጥሎ ቆመ።

«ዳነ በሉኛ» አለ ከሰዎቹ አንዱ፤ ሌላው ደግሞ ሣር ሊያመጣለት ተንደረደረ። ናዝሬት እጇን ዘርግታ አስቆመችውና ወደ አጥሩ ጥግ ሄዳ ለዶክተር ኤልያቄም ደወለች። ያየችውን ሁሉ ነገረችው።

«ከሁለት አንዱ ነው» አለ ኤልያቄም። «ወይ አንጀቱ ተጠማዟል፣ ወይ ደግሞ የቀጭን አንጀቱን መጀመሪያ ኢንፌክሽን ይዞታል። ሁለተኛው ብርቅ ነው። እኔ በሥራ ዘመኔ አንዴ ነው ያጋጠመኝ፤ እሱንም ሆዱ ከተከፈተ በኋላ ነው ያወቅሁት።»

«ትኩሳት አለው። ጨጓራው ሲጎድል ደግሞ ሕመሙ ተወው፤ ደነዘዘ።»

«እሱ ጥሩ ምልክት ነው። ኢንፌክሽን ከሆነ ጨጓራው በተቀዳ ቁጥር ይቀለዋል። ከተጠማዘዘ ግን ቢቀዳም ሕመሙ ተመልሶ ይነሳል። ያኔ ቀዶ ሕክምናውን ማን ያደርግልሻል? አታሰቃዪው። ማሳረፊያው መርፌ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ቁልፉን ታውቂዋለሽ።»

ናዝሬት ስልኩን ዘጋች። ማኑሄን ለብቻው ጠርታ አስረዳችው። ቀጭኑ አንጀቱ መነሻው ላይ ቆጥቶ አብጧል፤ ወደ ታች ማሳለፉን ትቶ ራሱ ውሃ እየረጨ ወደ ጨጓራው ይመልሳል። ስለዚህ በአፉ የሚገባ ነገር ሁሉ በሞላ ላይ መጨመር ነው። ውሃም ቢሆን፣ ሣርም ቢሆን፣ መድኃኒትም ቢሆን።

«እስክትመለሺ በአፉ ምንም ማለት ነው?»

«እኔ ራሴ እሺ እስክል። ግሉኮስና የትኩሳት መድኃኒት ይዤ እመለሳለሁ። ሕመሙ ከተነሳበት ወዲያው ደውልልኝ።»

«እሺ» አለ ማኑሄ።

ማኑሄ እሺ የማይለው ሰው አልነበረም። ብሎኬት ጫንልኝ ላለው እሺ፣ ገንዘቡን ነገ ልስጥህ ላለው እሺ፣ ዝናብ ውስጥ ድረስልኝ ላለውም እሺ ነበር። ሰው የሚወደው በዚህ ነው። ናዝሬት ቱቦውን አውጥታ፣ አጥባ፣ በፍጥነት ወደ ታክሲው መንገድ ሄደች።

ከመድኃኒት ቤቱ ያገኘችውን ግሉኮስ ሁሉ በካርቶን አሸከመች። የቁም ሳጥኑንም ቁልፍ አነሳች። መርፌውን ከሌላው ዕቃ ለይታ በቦርሳዋ የጎን ኪስ ከተተችው፤ እንደማያስፈልግ ለራሷ እየነገረች።

ተመልሳ ስትደርስ የማኑሄ ሚስት ፅጌረዳ የግቢውን በር ከፈተችላት። ልጅ አዝላለች፤ ቀና ብላ አላየቻትም። ዳማ ተኝቷል። ከመተኛት ይልቅ እየተወራጨ ነው ማለት ይቀላል፤ አራት እግሩን ወደ ላይ ሰድዶ ይንከባለላል፣ ይነሳል፣ ተመልሶ ይወድቃል። ላቡ አፈሩን ጭቃ አድርጎታል። ማኑሄ ገመዱን ይዞ ቆሟል። ገብረ መድኅን ከግድግዳው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን በእጃቸው ያሽከረክራሉ።

«መቼ ጀመረው?»

«አሁን... ቅድም።»

«ለምን አልደወልክም?»

ማኑሄ የገመዱን ጫፍ በእጁ ላይ ጠቀለለ።

ኤልያቄም ያለው ይኸው ደረሰ፤ ተቀድቶም ሕመሙ ተነሳ። የተጠማዘዘ አንጀት በደቂቃ በደቂቃ ይሞታል፤ ፈረሱ ደግሞ ያንን ሁሉ እያወቀው ይሞታል። ጎኑ ተንበርክካ ልቡን አዳመጠች። ከጠዋቱ ብሷል።

«በአፉ የገባ ነገር አለ?»

«ምንም» አለ ማኑሄ። ዓይኑ መሬት ላይ ነው።

«ውሃስ? ትንሽም ብትሆን?»

«ምንም አልኩሽ እኮ፣ ዶክተር።»

እጇ ወደ ቦርሳዋ የጎን ኪስ ሄደ። ዚፑን ከፈተችው። ብልቃጡን በጣቷ ነካችው፤ ቀዝቃዛ ነው። ማኑሄ እጇን አይቶ የያዘችው ምን እንደሆነ ሳይነገረው ገባው። ገመዱን ለኮርሳ ሰጠና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አንዲት ቃል ቢናገር የዳማን ነፍስ ማትረፍ ይችላል፤ ግን ቃሏ ከአፉ እንዳትወጣ ከግድግዳው ሥር የተቀመጡት ሽማግሌ ውለታ ይዞታል።

ናዝሬት መርፌውን አላወጣችውም። ለምን እንደሆነ በኋላ ስታስበው ሌላ ምክንያት አላገኘችለትም፤ እርግጠኛ ሳትሆን ማድረግ አልቻለችም፣ ያ ብቻ ነው። ዚፑን መልሳ ዘጋች።

«አንዴ ልቅዳው» አለች። «ከዚያ በኋላ እወስናለሁ። ያዙልኝ።»

ዳማን አስነሱት። ቱቦው ገባ። ባልዲው ቀረበ። ውሃው ሲመጣ ከጠዋቱ ክርፋት ቀድሞ የመጣው ሌላ ሽታ ነበር፤ የአረቄ። ቀጥሎ የነጭ ሽንኩርት። የተደቆሰው ሽንኩርት ነጭ ነጭ ሆኖ፣ የኑጉ ዘይት ላዩ ላይ ተንሳፎ፣ ባልዲው ውስጥ ተቀመጠ። ጠርሙሱ ውስጥ እንደነበረ ነው የወጣው።

ኮርሳ ባልዲውን አይቶ ወደ ሰማይ ቀና አለ። ፈረሱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ራሱን ዝቅ አደረገ። መወራጨቱ ቆመ።

ናዝሬት ማኑሄን አላየችውም። ሽማግሌውንም አላየችም። ቱቦውን ይዛ መሬቱን ስታይ ቆየች።

«እኔ ነኝ» አሉ ገብረ መድኅን። ከድንጋዩ ተነስተው፣ በከዘራቸው ተደግፈው ባልዲው ጋ ቀረቡ። ጎንበስ ብለው አዩት። «ይሄ የኔ ነው። እሱ እምቢ ሊለኝ አልቻለም፤ በሱ አትፍረጂ።»

«የዋሸሁሽ እኔ ነኝ» አለ ማኑሄ ከግድግዳው በኩል።

«ምንም አልወረደለትም እንዴ?» ሽማግሌው የጠየቁት ናዝሬትን ነው፤ የጠየቁት ደግሞ ማወቅ ፈልገው ነው።

«አንዲት ጠብታ አልወረደችም፣ ጋሼ።»

«እንዲያው ዝም ብሎ ተቀምጦ ነው የጠበቀን?»

«ተቀምጦም አልቀረ፤ አንጀቱ የራሱን ውሃ ጨመረበት። ትንሽ ብዘገይ ጨጓራው ይፈነዳ ነበር።» ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ግን ሁሉም ሰማ። «ልገድለው ነበር፣ ጋሼ። ሕመሙ ተመልሶ ሲነሳ አንጀቱ ተጠማዟል ብዬ መርፌውን ነክቼው ነበር።»

ገብረ መድኅን ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለማን እንዳወለቁት ግልጽ አልነበረም፤ ምናልባት ለፈረሱ። «ስንቱን ፈረስ ነው በዚህ እጄ የጋትኩት» አሉ ቀስ ብለው። «አንዳንዱ ይድናል። አንዳንዱ ጋትኩት ብዬ ቁጭ ሳልል ይወድቃል። ቀኑ ደርሶ ነው እንል ነበር።»

«የዳኑት ሌላ ዓይነት ቁርጠት ይዟቸው ይሆናል። ሁሉም አንድ አይደለም። ይሄኛው በጣም ብርቅ ነው፤ እኔም መጽሐፍ ላይ እንጂ በሕይወት ያለ ላይ አይቼው አላውቅም።»

«ታዲያ አሁን ምን ይደረግ?»

ናዝሬት ለዚህ መልስ ነበራት። ከታክሲው ወርዳ ካርቶኑን ካሸከመች ጀምሮ ስታሰላስለው የነበረ ነገር ነው፤ ግን ለማን እንደምትናገረው ያወቀችው አሁን ነው።

«እርስዎ በሩ ላይ ይቀመጡልኝ።»

«እኔ?»

«እኔ እምቢ ብል ማንም አይሰማኝም። ማኑሄ ደግሞ እምቢ አይልም። እርስዎን አልፎ ግን ማንም አይገባም። ዳማ በአፉ ምንም አይገባበትም፤ እኔ እሺ እስክል። የመጣውን ሁሉ እርስዎ ይመልሱልኝ።»

ሽማግሌው አዩዋት። ቅድም ጠርሙሳቸው ደረቷን ሊነካ ሲል የቆመችውን ልጅ እንደ አዲስ የሚያዩ ይመስላሉ። «ባዶ እጁን የሚመጣ ሰው የለም እኮ፣ ልጄ» አሉ። «መልሼ ብሰደው ይቀየማል።»

«አይመልሷቸው። ውሃ ያምጡ፤ ለብ ያለ፣ ንጹህ ውሃ። በጀሪካን።»

«አይጠጣም አላልሽም?»

ናዝሬት ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «በአፉ አይጠጣም። ደርቋል፤ ውሃ ግን ያስፈልገዋል። ይሄ ግሉኮስ ለፈረስ አፍ ማበሻ ነው፤ አይበቃም። ስለዚህ... የታችኛው አንጀቱ ደህና ነው። ከበስተኋላው በቀጭን ቱቦ ቀስ እያልን ብንሰጠው ውሃውን ይመጠዋል።»

ኮርሳ ገመዱን ይዞ አፉን ከፈተ። «ከበስተኋላ ነው የሚጠጣው?»

«አዎ።»

«ዶክተርዬ፣ ይሄን ነገር ሀይሌ ጋርመንት ሄጄ ባወራ ጋሪዬን ቀምተው ሆስፒታል ያስገቡኛል።»

ገብረ መድኅን ሳቃቸውን ሊይዙ ሞከሩና አልቻሉም። ፅጌረዳም ከበሩ በኩል ልጇን ወደ ጀርባዋ እየገፋች ሳቀች። ከጠዋት ጀምሮ በዚያ ግቢ ውስጥ ሰው ከልቡ የሳቀው ገና አሁን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች አንድ ዓይነት ናቸው። ናዝሬት መድኃኒት ቤቱን ለኤልያቄም በስልክ አሳውቃ ዘጋችው፤ «ውሾቹ ይጠብቃሉ» አላት። የዳማ ጨጓራ በሞላ ቁጥር፣ ዓይኑ ሲጠብና ጎኑን ሲያይ፣ ቱቦው ይገባል፣ ባልዲው ይሞላል፣ ፈረሱ ይቀለዋል። የአንቲባዮቲክና የትኩሳት መርፌ ትወጋዋለች። ከበስተኋላው ለብ ያለው ውሃ ዋርካ ላይ እንደሚንጠባጠብ ዝናብ በቀስታ ይወርዳል። ስትደክም ፅጌረዳ አጠገብ ፍራሽ ላይ ጋደም ትላለች፤ ማኑሄ ያለችውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያደርጋል። ከዋሸባት ወዲህ ዓይኗን ለማየት ይከብደው ነበር፤ እሷ ደግሞ ቅር እንዳላላት በሥራ እንጂ በቃል ልትነግረው አልቻለችም። ባልዲውን እሱ እንዲይዝ አደረገች። ቀጥሎ ቱቦውን። በኋላ ዳማ ሲውጥ የምትገፋበትን ቅጽበት እንዲያይ እጁን በእጇ ላይ አስቀመጠችለት።

ጠያቂዎቹ መጡ። በለቡ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ቢሆንም ከየቤቱ ጀሪካን እየተሸከሙ መጡ። ምድጃ ላይ ለብ ያደረጉትን በጨርቅ ጠቅልለው እንዳይቀዘቅዝ የሮጡም ነበሩ። ሀና ማርያም አጠገብ የሚኖር፣ ከማኑሄ ጋር በጭነት ተጣልቶ የተኳረፈ ባለጋሪ ሳይቀር አንድ ጀሪካን በሩ ላይ አስቀምጦ ሳይገባ ሄደ። ገብረ መድኅን ድንጋያቸውን በሩ ላይ ተክለው እያንዳንዱን ጀሪካን ከፍተው ያሸታሉ።

«ምን አለበት ይሄ?»

«ውሃ ነው፣ ጋሼ።»

«ሌላስ?»

«ትንሽ... ቆንጥሬ ጤና አዳም...»

«ድፋውና አዲስ አምጣ።»

አንድ ጠዋት የራሳቸው የገብረ መድኅን ሚስት ከጸበል ቦታ ጸበል በጠርሙስ ይዘው መጡ። ናዝሬት ከፈረሱ ጎን ሆና ስታያቸው ደነገጠች፤ ጸበልን እንዴት እምቢ ይባላል? ገብረ መድኅን ግን ተነስተው በሩን ሞሉት።

«እርጪው» አሉ። «ይረጫል፣ አይጠጣም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጸበል ጉሮሮ ይዘጋል?»

«የዘጋው በሽታው ነው። አምላክ ከላይም ቢረጭ ያውቀዋል። እርጪው ብያለሁ።»

ማኑሄ የጴንጤ አማኝ ነው፤ ለጸበሉ ምን እንደሚል ሁሉም ሊያይ ጠበቀ። ራሱን ዝቅ አድርጎ ዳማ ላይ የተጣለውን ብርድ ልብስ ገለጠላቸው። ሴትየዋ ረጩት። ዳማ ቆዳውን አራገፈ።

አስቸጋሪው ጊዜ ባልዲው አልቀንስ ያለበት ነበር። ናዝሬት ከባልዲው ይልቅ የፈረሱን አጥንት ታይ ጀመር፤ ጎድኑ በቆዳው ላይ ተቆጥሯል። ሰኮናዎቹንም በመዳፏ እየነካች ትኩሳት ትፈልጋለች፤ ይህ በሽታ ሆድን ትቶ እግር ላይ ሲወጣ ፈረሱ ድኖም መቆም ያቅተዋል። የፊት እግሮቹ ሞቅ ያሉ መሰላት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ኮርሳ ከሥጋ ቤት በረዶ እየለመነ እያመጣ የፊት እግሮቹን ባልዲ ውስጥ ነከረለት።

«ከኋላ ይጠጣል፣ ከፊት እግሩን ይታጠባል» አለ። «እኔን የታመምኩ ቀን እዚሁ አምጡኝ።»

በዚያው መሐል የማኑሄ ስልክ ጮኸ። ሕንፃ የሚያሠራ ሰው ነው፤ አሸዋ መጥቷል፣ ጋሪ ይፈልጋል፣ ፈረሱ ካልተሻለው የሰው ፈረስ ተከራይቶ ዛሬውኑ ይምጣ። ማኑሄ ቱቦውን እንደያዘ ስልኩን በትከሻው ደግፎ አዳመጠ። ሁሉም ምን እንደሚል ያውቃል።

«አልችልም» አለ። ከዚያም ሰውዬው ያልሰማው ይመስል ደገመው። «አልመጣም፣ ጋሼ። ሌላ ሰው ፈልግ።» ስልኩን ዘግቶ ወደ ባልዲው ተመለሰ። ገብረ መድኅን ከበሩ ዞረው አዩት።

ከዚያ በኋላ አንድ ማለዳ ባልዲው ግማሽ ቀረ። በሚቀጥለው ጊዜ ከግማሽ አነሰ። ቀለሙም ቀይነቱን ትቶ ወደ አረንጓዴ ሄደ። ናዝሬት ማዳመጫዋን ሆዱ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ ቆየች። ከሩቅ፣ ከወደ ጥልቁ፣ አንድ የተቋረጠ ጉርምርምታ ሰማች። ልክ መሆኗን ስለተጠራጠረች ማዳመጫውን ለማኑሄ ሰጠችው። ማኑሄ አዳመጠ፤ ዓይኖቹን ጨፈነ።

«ሆዱ ያወራል» አለ።

ከሰዓት በኋላ ዳማ ጭራውን አነሳና ጥቂት ፋንድያ ጣለ። እንደዚያ ፋንድያ የተከበበ ፋንድያ ለቡ ውስጥ አልታየም።

ናዝሬት ግን አልቸኮለችም። ሰዎቹ ውሃ እንስጠው፣ ጥቂት ፉርሽካ እንስጠው ሲሏት ምንም የማይመጣ እንደሆነ ለማየት ቱቦውን እንደገና አስገባች። መጣ፤ ጥቂት ነው። እምቢ አለች። ድጋሚ አስገባች። አልመጣም። ያኔም እንኳ ትንሽ ቆይታ ነው ከጀሪካኑ በኩባያ ውሃ ቀድታ ወደ ፈረሱ አፍንጫ ያቀረበችው።

ዳማ አሸተተው። ከንፈሩን ነከረ። ጠጣው። ውሃዋ በጉሮሮው ስትወርድ ሁሉም አያት።

«ጨምሪለት» አለ ኮርሳ፤ ከዚህ በፊት በማይታወቅበት ዝግታ።

«ቆይ።»

ቆዩ። ገብረ መድኅን በሩን ትተው መጥተው ከባልዲው አጠገብ ቆመዋል። ፅጌረዳ ልጁን አውርዳ እጁን ይዛዋለች። ፈረሱ ጎኑን አላየም። መሬቱን አልጫረም። ናዝሬት ቱቦውን ለማኑሄ ሰጠችው፤ እሱ ራሱ አስገባው፤ ዳማ ሲውጥ ገፋው። ሌላኛውን ጫፍ ወደ ባልዲው ዝቅ አደረጉት።

ምንም አልመጣም። ባዶው ባልዲ ታች ላይ አንዲት ዝንብ ተቀምጣለች።

«ወረደለት» አሉ ገብረ መድኅን።

ማኑሄ ቱቦውን አውጥቶ ግንባሩን በዳማ አንገት ላይ አስደገፈ። «መቼ ይጎትታል?» አለ ከዚያው ሳይነሳ።

«ገና ነው» አለች ናዝሬት። «ሣር እንኳ አላየም። እግሩም አልቀዘቀዘልኝም። ከሱ በኋላ ነው ስለ ጋሪ የምናወራው።»

«እሺ።»

ናዝሬት ኩባያውን ጀሪካኑ ውስጥ ነክራ ሞላችው። እንደገና ወደ ፈረሱ አፍ አቀረበችው።